ወፈፌ የተባለው ኮከብ

ሥራዋ ፕላኔት ለሚፈልግ ቡድን ኮከብ መምረጥ ነው፤ ያውም ቀዝቃዛና ቀርፋፋውን። እናቷ ይህን የሰሙ ቀን፣ ባል ስትመርጪ ግን አደራሽን ብለው ስቀውባታል። የእናት ነገር! ቀዝቃዛ የሚባለውም በከዋክብት ወግ ነው እንጂ ማን ሊጠጋው! ደግሞ ያለ ምክንያት አይደለም። ፕላኔት የራሷ ብርሃን ስለሌላት በቀላሉ አትታይም፤ የምትታወቀው የምትዞረውን ኮከብ ነቅነቅ ስታደርገው ነው። ኮከቡ ትኩስና ፈጣን ከሆነ የራሱ ግርግር ያንን ይውጠዋል። ረጋ ብሎ የሚሽከረከረው ግን እንግዳውን አይደብቅም።

የቡድኑ አለቃ ኮከብ መጣል የማይታክታቸው ሽማግሌ ናቸው። «ይሄ ይቅር፣ ያም ይቅር» ስለሚያበዙ ጋሽ ይቅር ይሏቸዋል፤ በሌሉበት ነው ታዲያ። እሷ ከተማሪነቷ ጀምሮ የምትሳሳለትን ኮከብም ፈጣን ነው ብለው ወፈፌ የሚል ስም አውጥተው ጥለውባታል። ትልቁ ቴሌስኮፕ የሚመለከታቸው ከዋክብት ምርጫ ደግሞ ዛሬ ከሰዓት ይዘጋል። ዛሬ ያልገባ ኮከብ፣ እሷ ጡረታ እስክትወጣም ተራ ላይደርሰው ይችላል። ጭንቅ ጥብብ አላት።

ኮከብ ማዲያት እንዳለበት ፊት ጥቁር ነገር አይጠፋበትም። ጥቁሩ ወደኛ በዞረ ቁጥር ብርሃኑ ይደበዝዛል፤ ከአንዱ ድብዘዛ እስከ ቀጣዩ ያለው ጊዜ አንድ ዙር ተብሎ ይቆጠራል። የወፈፌውን ብርሃን የሚያሳየውን መስመር ለመሰናበት ያህል ኮምፒውተሯ ላይ ከፈተችው። አንዱ ድብዘዛ ጠለቅ፣ ቀጣዩ ሳሳ፤ ደግሞ ጠለቅ፣ ደግሞ ሳሳ። ጉድ! ማዲያቱ ሁለት ነው፤ አንዱ በዚህ፣ አንዱ በዚያ ጎን። አንዷን ዙር ሁለት ብለው ቆጥረውበታል። ምስኪን፣ ሳይሮጥ ሯጭ ተባለ!

እየበረረች ሄዳ አሳየቻቸው። ሽማግሌው መነጽራቸውን አወለቁ፣ መልሰው አጠለቁ፣ ድብዘዛዎቹን አንድ በአንድ በጣታቸው ቆጠሩ።

«ይቅር...» አሉ በመጨረሻ።

ልቧ ስንጥቅ አለ።

«...በይኝ፣ ልጄ። አስተውዬ ማየት ነበረብኝ።»

እዚያው ፊታቸው እንባዋ መጣ። እሳቸውም አላፈሩባትም፤ ወንበር ስበው አስቀመጧትና ኮከቡን በገዛ እጃቸው ከተመረጡት ጋር አስገቡት። ሰዓቱ ገና አልሞላም ነበር።

ኮሪደሩ ላይ ቆማ ለእናቷ ደወለች። ድምጿን ሲሰሙ ደንግጠው ምን ተገኘ ብለው ጠየቋት።

«ገና ምንም አልተገኘም፣ እማዬ» አለች። «ግን ልናየው ነው።»