እህተማርያም ያስተረጎመችው ሕመም

የውባንቺ ቀኝ እግር መንደድ የጀመረው ከኬንያው ምርጫ ግርግር በኋላ ነው። አልወደቀች፣ አልተመታች። ናይሮቢ፣ ኪሊማኒ ሰፈር ባለው የእህቷ ምግብ ቤት ወጥ እያማሰለች ሳለ ውስጥ እግሯ ፍም የረገጠች ያህል ነደደ፤ ከዚያ ወዲህ አልበረደም። ካልሲ አያስነካት፣ አንሶላ አያስነካት። እብጠት የለው፣ ቁስል የለው።

ናይሮቢ ያመጣቻት፣ እናታቸው ከሞተች በኋላም ያሳደገቻት ታላቅ እህቷ እህተማርያም ናት። ሐኪም ቤት እየወሰደች የምታስተረጉምላትም እሷው ነበረች። ራጅ ተነሣች፣ ደም ሰጠች፤ የሁሉም መልስ «ምንም የለም» ሆነ። ሐኪሞቹ እግሯን እንኳ ሳይዳስሱ ፈገግ እያሉ ይሸኟታል።

እህተማርያም ያላወቀችው ነገር ቢኖር፣ እሷ አዲስ አበባ ሄዳ ግርግሩ መንገድ ሲዘጋባት፣ ውባንቺ ሳውዝ ሲ ሰፈር ከኬንያዊት ጎረቤቷ ጋር እየዋለች ስዋሂሊ መልመዷን ነው። አፏ ባይፈታም ጆሮዋ ተከፍቷል።

አዲሱ ሐኪም ሽማግሌ ነበሩ። «ምኗን ነው የሚያማት?» ብለው እህተማርያምን በስዋሂሊ ጠየቋት።

«ዶክተር፣ ሕመሙ እግሯ ላይ አይደለም» አለች እህተማርያም በዚያው ቋንቋ። «እጮኛዋ ጥሏት ከሄደ ወዲህ ጭንቅላቷ ልክ አይደለም። ሥራም ትሸሻለች። የሚያስተኛት ነገር ይስጧትና እንሂድ።» ወደ ውባንቺ ዞራም በአማርኛ፣ «ሕመምሽን አንድ ባንድ እየነገርኩልሽ ነው» አለቻት።

ውባንቺ ክው አለች። የእጮኛዋን ነገር ተንሰቅስቃ እያለቀሰች የነገረችው ለእሷ ብቻ ነበር። ያለፉት ሐኪሞችም የሰሙት ይህንኑ ነው ማለት ነው።

ጫማዋን አውልቃ እግሯን ዘረጋች። «ኡናዋካ ሞቶ» አለች በስዋሂሊ፤ እግሬ እሳት ሆኖ ይነዳል ማለቷ ነበር። «ሚሚ ሲ ምዎንጎ።» ውሸታም አይደለሁም።

ሽማግሌው እህተማርያምን አስወጧት። ውስጥ እግሯን በጥጥ ቢዳስሷት ጮኸች፤ ጣቷን በመርፌ ጫፍ ቢነኳት አልተሰማትም።

«ነርቭሽ ነው ብዬ እጠረጥራለሁ። ምን እንደነካው ግን አላውቅም» አሏትና ማስታገሻ ጻፉላት።

እህተማርያም በር ላይ ክንዷን ያዘቻት። «ለአንቺው ብዬ ነው። ጭንቀት መስሎኝ።»

«ከመሰለሽ ለምን ለእኔ አልነገርሽኝም፣ እትዬ?»

እህተማርያም፣ «አንቺ ስትቀመጪ ሥራው ሁሉ እኔ ላይ ወደቀ እኮ» አለች።

«እናቴ ነበርሽ» አለቻትና ክንዷን አስለቅቃ፣ እያነከሰች ብቻዋን ማታቱ ታክሲ ተሳፈረች።

መድኃኒቱ እሳቱን አደበዘዘው እንጂ አላጠፋውም፤ መነሻውንም እስከ ዛሬ ያወቀለት የለም። ውባንቺ የእህቷን ምግብ ቤት ትታ ኪሌሌሽዋ ሰፈር ለአንድ ቤተሰብ ምግብ ታበስላለች፤ ሲብስባት ወንበር ስባ ተቀምጣ ትከትፋለች። ከእህቷ ጋር ቤተ ክርስቲያን ደጅ ይገናኛሉ፤ ይሳሳማሉም። «እግርሽስ?» ስትላት «እግዚአብሔር ይመስገን» ብላ ታልፋለች።