ደረሰኝ የሌለው ወጪ

ሐበሻ ክረምት በሚለው ወራት ጅቡቲ ትነድዳለች። ኸምሲን የሚሉት ነፋስ ከበረሃው አሸዋ አዝሎ ይመጣና አፍ ያደርቃል፣ ዓይን ያቀላል። አቅም ያለው ሁሉ ቤቱን ቆልፎ ወደ ድሬዳዋ ይወጣል። አኒስ ግን በዚያ ዓመት የትም አልሄደም። የሂሳብ አያያዝ ትምህርቱን ሁለተኛ ዓመት ጨርሶ፣ ለዕረፍቱ ወራት ልምምድ ማዳም ናዒማ ቢሮ ገብቶ ነበር።

ማዳም ናዒማ የድርጅቶች ግብር አማካሪ ናት። ነጋዴና ግብር መሥሪያ ቤት ሲጋጩ መሐል ገብታ የምትከራከር፣ አባቷ የድሬዳዋ፣ እሷ የጅቡቲ ልጅ፤ ስትናደድ የከተማዋን አራት ቋንቋ በአንድ ትንፋሽ የምታወርድ ሴት። አኒስ ደግሞ ካርቲየ 7 ቢስ ከሚባለው ሰፈር የወጣ፣ ጓደኛ የማያበዛ፣ ቆሞ የሚያልም ልጅ ነው። እናቱ "አኒስን ጨው ግዛ ብሎ መላክ ባሕሩ እስኪደርቅ መጠበቅ ነው" ትላለች።

በመጀመሪያው ጠዋት ማዳም ናዒማ መስኮት ላይ ተለጥፎ አገኘችው። ከታች ወደቡ ተዘርግቷል።

"ምን ታያለህ?"

"መርከቦቹን፣ ማዳም።"

"መርከብ ማየት ለቱሪስት ነው። አንተ ድርጅቶቹን እይ። ድርጅት ሰው ነው፣ ታውቃለህ?"

"ሰው?"

"በሕግ ፊት ሰው ነው። ይወለዳል፣ ስም ይወጣለታል፣ ይበደራል፣ ይከሰሳል፣ ይሞታል። አይበላም፣ አይተኛም፤ ግብር ግን ይከፍላል።"

ይህን ያለችው እንደ ቀልድ ነበር። አኒስን ግን ነገሩ ቀኑን ሙሉ አላስቀመጠውም። ወደ ቤቱ ሲመለስ በየሱቁ ታፔላ ሥር አንድ የማይታይ፣ እንቅልፍ የማያውቅ ግዙፍ ሰው የቆመ መሰለው። ከተማዋ እጥፍ ሆነችበት፤ በሚታዩት ሰዎች መሐል የማይታዩት ሲጋፉ አየ። ለማንም አልነገረም። ማንስ ይሰማዋል?

ሐጂ ዓብዱሰመድ የመጡት ረመዳን ካለፈ በኋላ ነው። ካርቲየ 2 ውስጥ ጨርቅ የሚሸጡ፣ ወደብ አጠገብ ከአባታቸው የወረሱት መጋዘን ያላቸው የሐረር ሰው ናቸው። ዋጋ ላይ ጥርሳቸውን የነከሱ ናቸው እየተባሉ ይታማሉ። የግብር መርማሪው ዘይድ የድርጅታቸውን ወጪ ሲመረምር፣ በየዓመቱ "የተከፈለ ግብር" ተብሎ ከትርፍ የተቀነሰ ነገር አይቶ ኖሮ፣ ለማን እንደተከፈለ ጠይቋቸዋል።

"ለማን ነው የከፈሉት ሐጂ?" አለች ማዳም ናዒማ።

"ለአላህ።"

ማዳም ናዒማ እስክሪብቶዋን አስቀመጠች።

"ዘካ ነዋ!" አሉ ሐጂ። "ከትርፉ ለድሃ የሚገባውን ዘካ አወጣሁ። ዘካ ግብር አይደለም እንዴ? ከመንግሥቱ ግብር በፊት የነበረ ግብር ነው።"

"ሐጂዬ፣ ዘካ ያለብዎት እርስዎ ነዎት። ያወጡት ግን ከድርጅቱ ኪስ ነው። ድርጅቱ ሌላ ሰው ነው። ድርጅቱ አይሰግድም፣ አይጾምም፣ ዘካ የለበትም።"

"አስተግፊሩላህ! ድርጅቴ ካፊር ነው ልትይኝ ነው?"

አኒስ ሳቁን በሳል ሸፈነ። ማዳም ናዒማም ከንፈሯን ነከሰች። ነገሩ ግን አያስቅም ነበር። መርማሪው ወጪውን ከሰረዘ የዓመታቱ ግብርና ቅጣቱ አንድ ላይ ይመጣል፤ ለዚያ የሚበቃ ነገር ሐጂ ከመጋዘኑ በቀር የላቸውም። ዘይድ ክፉ ሰው አልነበረም። ራርቶ "አንድ ሰው አምጡልኝ" ብሏል። "ከዚህ ድርጅት እርዳታ ተቀብያለሁ ብሎ የሚፈርም አንድ ችግረኛ። እንደ ምጽዋት እቆጥረውና ቅጣቱን አነሣለሁ። እስከ ሐሙስ።" ቅጣቱ ከተነሣ ደግሞ መጋዘኑ ይተርፋል።

"አንድ ሰው ብቻ ሐጂ!" አለች ማዳም ናዒማ። "ይህን ሁሉ ዓመት ሰጥተው አንድ ስም ይጠፋል?"

"ስሙ አይጠፋም። እኔ አልናገርም እንጂ።"

"እሺ፣ ያደረሰላቸው ሰው የለም? ሱቅዎ ውስጥ የሚሠራ?"

ሐጂ ፈገግ አሉ። "ከሱቄ ሰው ልኬ አላውቅም። ባሕሩ ዳር የመን ሊሻገሩ ጀልባ የሚጠብቁ የሀገር ልጆች የሉም? አንዱን እጠራለሁ። ጆንያ አሸክመዋለሁ፣ የላቡን እከፍለዋለሁ፣ በሩን ከሩቅ አሳየዋለሁ። አስቀምጦ አንኳኩቶ ይሄዳል። ሳምንት ሳይሞላ ተሻግሯል፤ ምስጢሩም አብሮት ተሻግሯል።"

"ምስክሮችዎን ሁሉ በባሕር ሸኝተዋቸዋላ!" ብላ ማዳም ናዒማ ራሷን ያዘች።

ሐጂ ሲወጡ አኒስ ዓይኑን ከበሩ መንቀል አቃተው። ያ ዋጋ የማይቀንስ ሽማግሌ፣ ደግነቱን እንደ ኮንትሮባንድ ከሀገር ሲያስወጣ ኖሯል።

"አንተ" አለችው ማዳም ናዒማ። "እግር አለህ። እስከ ሐሙስ አንድ ሰው ፈልግልኝ። ይህ ያንተ ጉዳይ ነው፤ የመጀመሪያህ።"

አኒስ ወደ ባሕሩ ዳር ወረደ። ጠያቂ የማይወዱ፣ ፊታቸውን በፎጣ የሸፈኑ ልጆች መሐል ሲዞር ዋለ፤ በማግስቱም እንዲሁ። ሁሉም አዲስ መጤ ነበሩ። በመጨረሻ ከኮንቴይነር ጥላ ሥር የተጋደመ አንድ የአርሲ ልጅ ቀና አለ። ስሙ ቶላ ነው። ረመዳን ላይ ሊሻገር ሲል ወባ ጥሎት ጀልባው ትቶት ሄዷል።

"ነጭ ጢም ያላቸው? ሩዝ ያሸከሙኝ?" አለ ቶላ። "አቦ፣ እኒያ ሰውዬ! 'ዞር ብለህ አትይ' አሉኝ። ሌባ መስለውኝ ነበር እኮ! ሌላ ሰው ቤት ሩዝ የሚያስገባ ሌባ አይተህ ታውቃለህ?"

"ግብር መሥሪያ ቤት ገብተህ ይህንኑ ትናገርልኛለህ?"

"እኔ? ወረቀት የለኝ፣ መታወቂያ የለኝ፤ ከመንግሥት በር ላይ ነው የሚለቅሙኝ። በሩን ግን አሳይሃለሁ።"

በሩ አርሂባ ሰፈር ውስጥ ነበር። እዚያ በር ላይ ቡርቱካን የምትባል፣ ባሏ ወደብ ላይ ሥራ እያለ የሞተባት የድሬዳዋ ሴት ሳምቡሳ ትጠብሳለች። ቶላ ከሩቅ አሳይቶት ተመለሰ። አኒስ ሳምቡሳ ገዝቶ ድንጋይ ላይ ተቀመጠ፤ ወሬ አመጣ፣ ወሬ አሳለፈ፣ በመጨረሻ ስለ ረመዳን አነሣ።

"ለእኔ ረመዳን እንግዳ አለው" አለች ቡርቱካን፣ ዘይቱን በጭልፋ እያማሰለች። "በገባ ቁጥር በሬ ይንኳኳል፤ ስከፍት ጆንያ ነው። ሩዝ፣ ዘይት፣ ቴምር።"

"ማን ነው የሚልከው እትዬ?"

"እኔ ምን አውቄ! ልጆቼ መልአክ ነው ይላሉ። መልአክ ጆንያ አይሸከምም እላቸዋለሁ። ሰው ነው። እዚችው ከተማ ውስጥ የሚሄድ ሰው። እና ምን ሆንኩ መሰለህ? ማን እንደሆነ ስለማላውቅ ሰውን ሁሉ በደግ መጠርጠር ጀመርኩ። ባለፈው አንዱ ፖሊስ 'ከዚህ ተነሺ' ብሎ ጮኸብኝ። ልሰድበው አፌን ከፈትኩና 'ይኼ ቢሆንስ?' ብዬ ዝም አልኩ። አከራዬም ቢሆንስ? ያ ሰካራም ጎረቤቴስ ቢሆን? አሁን አንተንም እያየሁህ ነው።"

"እኔማ ተማሪ ነኝ።"

"ተማሪ አይሰጥም ያለህ ማን ነው? ከአንድ ሰው በቀር ሁሉም ይሆናል። ያ ጨርቅ ሻጭ፣ ዓብዱሰመድ! ለዒድ ለልጄ ቀሚስ ልገዛ ብሄድ፣ ስለምነው፣ ልጅቷን እያየ አንድ ፍራንክ አልቀነሰልኝም። ወላሂ እሱ ሩዝ ፍሬ ፍሬውን ቢቆጥር ነው እንጂ ለሰው አይሰጥ!"

ሳምቡሳው አኒስ ጉሮሮ ላይ ቆመ። ቡርቱካን ውሃ እየሰጠች "ሚጥሚጣው ነው" አለችው። እሱ ግን የቀረበለት ምርጫ ከሚጥሚጣ በላይ አቃጥሎት ነበር። አንድ ቃል ቢናገር ይህች ሴት በደስታ ሮጣ ትፈርማለች። መጋዘኑ ይድናል፣ ጉዳዩን ያሸንፋል። ያን ጊዜ ግን ፖሊሱም ፖሊስ ብቻ፣ አከራዩም አከራይ ብቻ ሆነው ይቀራሉ። በመላው ከተማ ላይ ተበትኖ የኖረው ደግነት ተሰብስቦ አንድ ሽማግሌ ራስ ላይ ያርፋል፤ ሽማግሌው ደግሞ አይፈልገውም። አኒስ በሕይወቱ እንዲህ ያለ ሥራ አላየም። ማዳም ናዒማ ካሳየችው የማይታይ ሰው ሁሉ ይህ በለጠበት፤ በጆንያ ሩዝ አንድ ከተማ ሙሉ ደግ ሰው ተፈጥሯል።

የሳምቡሳውን ከፍሎ፣ አመስግኖ ሄደ።

ሐሙስ ዕለት በመርማሪው ቢሮ መተላለፊያ ላይ ሐጂን ለብቻቸው አገኛቸው።

"ሐጂ፣ አንድ ሰው አግኝቻለሁ። የአርሂባዋን። ጆንያ ያሸከሙት ልጅ ነው በሯን ያሳየኝ።"

የሽማግሌው እጅ ክንዱን አፈፍ አደረገው። "ነገርካት?"

"አልነገርኳትም። እርስዎን ሳልጠይቅ አልናገርም። ብትሰማ ግን ዛሬውኑ ትመጣለች።"

ሐጂ ትንፋሻቸውን ለቀቁ። "አልሐምዱሊላህ። ስለ እኔ ምን አለች?"

አኒስ አንገቱን ደፋ።

"ንገረኝ እንጂ፣ ልጄ!"

"ሩዝ ፍሬ ፍሬውን ይቆጥራል አለች።"

ሐጂ ትከሻቸው እስኪንቀጠቀጥ ሳቁ። "ስለ ቀሚሱ ነው! ልቀንስላት ብዬ ነበር እኮ። ስቀንስ ዓይኔን ብታይስ? ዓይን ክፉ ነው፣ ይናገራል። ስለዚህ ጮኽኩባት።" ከዚያ ሳቃቸው ቀስ ብሎ ቆመ። የአባታቸውን መጋዘን የሚያስቡ መሰሉት። "ግባ፣ እንግባ" አሉ።

ዘይድ ጠረጴዛው ላይ ያለውን ገፋ አድርጎ ጠየቀ። "ሐጂ፣ ሰው መጣ?"

"የለም።"

"አንድ እንኳ?"

"የለኝም፣ ልጄ።"

ማዳም ናዒማ ወደ አኒስ ዞረች። "አንተስ? አላገኘህም?"

አኒስ ሐጂን አላየም። ካያቸው የሚሸነፍ መሰለው። "አላገኘሁም፣ ማዳም" አለ።

ማዳም ናዒማ ጥቂት አፈጠጠችበት። ያመነችው አይመስልም፤ ቢሆንም ፋይሏን ዘጋች። ዘይድ ቅጣቱን ጻፈ፣ ሐጂ ፈረሙ። ሲነሡ መርማሪው ምን እንደገባው እንጃ፣ ከወንበሩ ተነሥቶ በሩን ራሱ ከፈተላቸው።

ውጭ ጫት የጫኑ መኪኖች ክላክሳቸውን እያስጮሁ ያልፋሉ፤ ሱቆች ለቀትር ዕረፍት እየተዘጉ ነው። ማዳም ናዒማ ወደ መኪናዋ ሄደች። ሐጂ ግድግዳው ጥግ ባለችው ቀጭን ጥላ ቆመው አኒስን በጣታቸው ጠሩት።

"በሩን ያሳየህ ልጅ መቼ ይሻገራል?"

"ቶላ? አይታወቅም፣ ሐጂ። ገና አልዳነም።"

"እንግዲያ እሱ አይሆንም። ሐኪም ጋ እወስደዋለሁ፤ አንተ ግን በዚህ ሳምንት የሚሄድ ፈልግልኝ።"

"ለምንድን ነው?"

"ትምህርት ቤት ሊከፈት ነው። የትልቁን ልጇን ጫማ አይቻለሁ፣ ጣቱ ወጥቷል።"

አኒስ ወደ መርማሪው ቢሮ ዞር አለ። የፊርማቸው ቀለም ገና አልደረቀም እኮ! "መጋዘኑ..." አለ።

"መጋዘኑ ሄደ። ሱቁ አለ አይደለም?"

"እኔው ላድርስላት?"

"አንተ እዚሁ ነዋሪ ነህ" አሉ ሐጂ። "ነገ ሳምቡሳ ስትገዛ ፊትህ ያጋልጠኛል። የሚሄድ ሰው ነው የምፈልገው።"

ፀሐይዋ አናት ትበሳለች፤ ነፋሱ አሸዋውን ማንሣት ጀምሯል። አኒስ ሸሚዙን ከሱሪው አውጥቶ፣ የሚሻገር ሰው ፍለጋ ወደ ባሕሩ ዳር ወረደ።