በበረት የታሰረው ድሮን

ረቢአ ድሮኑን በገመድ ጠፍራ ከበረቱ ግንድ ጋር አሰረችው። ስታገኘው የማሽላ አገዳው ክምር ውስጥ ተሰክቶ ገና ይንጫጫ ነበር፤ በዱላ አንዴ ስታቀምሰው ጸጥ አለ።

"የሰው ማሳ የገባ ከብት ይታሰራል!" ብላ ጎረቤት እስኪሰማ ጮኸች። "ባለቤቱ ሽማግሌ ይዞ ይምጣና ይውሰደው!"

የጎረቤቷ የዑመር ልጅ የምትዳርበት ቀን ነው። ዑመር ሠርጉን እንዲቀርጽ ከከሚሴ ልጅ አስመጥቷል፤ ልጁም የጨፋን ሜዳ ከላይ ካላሳየሁ ብሎ ከጠዋት ጀምሮ ይሄን ነገር ያስጮኸዋል። መጀመሪያ መንደርተኛው ልጆቹን እየጎተተ ቤት ገባ። በዚህ ዘመን ሰማይ ላይ የሚያጉረመርም ነገር ሰምቶ ልቡ የሚረጋ ማን አለ? ቀጥሎ ረቢአ ጓሮዋ ተቀምጣ ፀጉሯን ስታበጥር ድሮኑ ከራሷ በላይ መጥቶ ቆመ። ሻሿን እያነሳች ብትራገም አልሄደም። በመጨረሻ በረቱ ላይ ዝቅ አለና ቡሬ የእሾህ አጥሩን ጥሳ ወደ ቦርከና ረግረግ ሸሸች፤ እሱም አገዳው ክምር ላይ ወደቀ።

ቡሬ የመጀመሪያዋን ልትወልድ ሳምንታት የቀሯት ጊደር ናት። ባሏ ከሞተ ወዲህ ረቢአ ቤቷን ያቆመችው በወተት ነው። አሮጊቷ ላም ነጥፋለች፤ ከቡሬ በቀር ትታለባለች ብላ የምትጠብቃት የላትም።

ቀራጩ ሙስዐብ መቆጣጠሪያውን በአንገቱ አንጠልጥሎ እየሮጠ ደረሰ። ነጭ ጫማ አድርጓል።

"እናቴ፣ ማሎ፣ ይፍቱልኝ። ውድ ዕቃ ነው።"

"ጊደሬስ ርካሽ ናት?"

"ፈቃድ እኮ አለኝ። ማህተም ያለው።"

"ጓሮዬን ማን ፈቀደልህ? ፀጉሬን ማን ፈቀደልህ?"

ሙስዐብ አንገቱን ደፋ። ስልኩን አውጥቶ የቀረጸውን ፊት ለፊቷ አጠፋ። ከዚያ ደፈር አለና፣ "ድሮኑን ከሰጡኝ ጊደሯን ባንዴ አገኛታለሁ። ከላይ ሁሉም ይታያል" አላት።

ረቢአ ከንዴቷ ብዛት ሳቀች። "ያንን ድምፅ ከሰማች አፋር ሳትገባ አትቆምም። እግር የለህም? ቅደም!"

ዑመር የሠርግ ጋቢውን እንደለበሰ መጣ። "እቴ ረቢአ፣ በሠርጌ ቀን? ዲሲ፣ ለአላህ ብለሽ ተይው።"

"አንተም ቅደም አያ ዑመር። ያመጣኸው አንተ ነህ።"

ኮቴዋን እየተከተሉ ወረዱ። ሙስዐብ እስከ ጉልበቱ ጭቃ ገባ፤ ማንም እጁን አልሰጠውም። ቡሬን ደንገሉ መሀል ቆማ አገኟት። ሆዷ ጎድሏል። መሬት ላይ የተኛ ነገር ትልሳለች፣ ቀና ትላለች፣ ደግሞ ትልሳለች። ጥጃዋ ሴት ነበረች። አልተነፈሰችም።

ረቢአ ጭቃው ላይ ተቀመጠች። "ያ ረቢ!" አለች። ልቅሶዋ መጣና ቁጣዋ መልሶ ዋጠው።

አሱር ሰላት ላይ የመንደሩ ሼህ አቡበከር ሁለት ሽማግሌ አስከትለው በረቱ ደጃፍ ተቀመጡ። ሙስዐብ ባዶ እግሩን ከፊታቸው ቆሟል።

"ልጁ ካሳ እከፍላለሁ ብሏል። ያለማወቅ ነው። አፉ በይው" አሉ ሼሁ።

"አፉ ብዬዋለሁ ሼኼ። አኺራ ላይ አልጠይቀውም። ዱንያ ላይ ግን ሥራ አለው።"

"የምን ሥራ?"

"ቡሬ ጥጃዋን ሳታይ አትታለብም። ቆዳው ገለባ ይሞላና፣ እስክትለምድ ድረስ ጠዋትና ማታ እየመጣ ይያዝላት።"

"ከከሚሴ በየቀኑ?" አለ ሙስዐብ።

"በሰማይ ስትመጣ ቅርብ ነበር።"

ከሽማግሌዎቹ አንዱ ሳቁን በጋቢው ሸፈነ። ሼህ አቡበከር ግን አልሳቁም። "ሚዛን ነው" አሉና ዱዓ አድርገው ተነሡ። ዑመር ቢላዋ አስመጥቶ ጥጃዋን ራሱ ገፈፈ፤ ሙስዐብ ፊቱን እያዞረ ገለባውን ሞላ።

ሲመሽ ረቢአ የማለቢያ ግሬራዋን ይዛ ከቡሬ ሥር ቁጢጥ አለች። ሙስዐብ ቆዳውን አቅፎ ከጊደሯ ፊት ተንበረከከ። ቡሬ አሸተተች፣ አፈገፈገች፣ እንደገና አሸተተች። ከዚያ ቆዳውንም የልጁንም እጅ አንድ ላይ ትልስ ጀመር። ልጁ ከንፈሩን ነክሶ አለቀሰ።

ከዑመር ቤት እልልታው ቀለጠ። የሙስዐብ ስልክ ኪሱ ውስጥ ይጮኽ ጀመር።

"ሙሽራዋ ልትወጣ ነው እናቴ" አለ ቀስ ብሎ። "ይሄ ካልተቀረጸ ምኑን ሠርግ ሆነ? አንድ ጊዜ ልድረስና ልመለስ።"

ረቢአ አየችው። ልጅ ነው፤ እንባው ጉንጩ ላይ አለ። ሂድ ልትለው አፏን ከፈተች። የመጀመሪያው ወተት ጣቷ ላይ ሞቃት ሆኖ ወረደ፤ የጥጃዋ ነበር።

"አጥብቀህ ያዝ" አለችው።