ፋንታነሽ የፈተነቻቸው ዘንጎች

ወንዛችን ሥርና ግንድ የሞላበት ነው። ዓሣው እዚያ ከተሸጎጠ አለቀ፤ ሮጦ ሳይገባ የሚመልሰው ጠንካራ የማጥመጃ ዘንግ ያስፈልጋል። ድሮ ቀርከሃ ቆርጬ በመጣሁ ቁጥር የምትፈትንልኝ ባለቤቴ ፋንታነሽ ነበረች፤ ከዘንጉ ላይ የታሰረውን ክር ጫፍ ይዛ ወደ ግቢያችን አጥር ትሮጣለች፣ እኔ በዘንጉ ስቤ እመልሳታለሁ። አንድም ቀን አጥሩን ነክታ አታውቅም። ወንዝ ስወርድ ግን ዘንጎቹ ይሰበሩ ነበር፤ ቀርከሃውን ስረግም ኖርኩ።

እሷ ካረፈች ሦስት ዓመት ሆናት። ዛሬ ከሞጣ የፋብሪካ ዘንግ ገዝቼ ቢቸና ቤቴ ገባሁ። ሻጩ እንደማይሰበር ምሎልኛል። የሚጎትትልኝ ስላጣሁ ክሩን ከግራር ግንድ ላይ አስሬ ሳብኩት። ግንዱ ፍንክች አላለም፤ ዘንጉ ቀጭ ብሎ ተሰበረ።

ስባሪውን ይዤ ቆምኩ። ለካ ፋንታነሽ አጥሩ ጋ ልትደርስ ስትል የምትመለስልኝ፣ ዘንጌ እንዳይሰበርብኝ ሆን ብላ ኖሯል።