ሁለተኛይቱ ትእዛዝ ስለ መዋጧ

የሰው ባሕርይ ድንቅና እጹብ ነው፤ የሰማይን ክዋክብት ለመቁጠር የሚተጋ፣ የባሕርን ጥልቀት ለመመርመር የሚደክም ይህ ፍጡር፣ በደጁ የተጋረጠውን ድንጋይ ግን አንድ ጊዜ ዞሮ ማለፍ ከለመደ፣ ድንጋዩን ከማንሳት ይልቅ መዞሪያውን ሥርዓት ብሎ ይሰይመዋል፣ ለልጁም ያወርሰዋል። «ዝም አይነቅዝም» ብለው የተረቱ አበውም፣ ይቅር ይበሉኝና፣ የምተርከውን ጉድ ቢያዩ ኖሮ ቃላቸውን መለስ ያደርጉት ነበር።

አስተዋይ አንባቢ ሆይ፣ ሰው የጻፈውን ትእዛዝ ወደ ማሽን ልሳን የሚመልስ፣ ኮምፓይለር የሚባል ረቂቅ ተርጓሚ እንዳለ ሳትሰማ አትቀርም። ከእነዚህም አንዱን፣ ጥቃቅን መሣሪያዎችን በአማርኛ ለማዘዝ የሚያገለግለውን፣ ጋሽ ዘርዐ ብሩክ የተባሉ ሊቅና ጠቢብ አበጅተው፣ ማንም ያነበው ማንም ያርመው ዘንድ ምንጩን፣ ማለት የተሠራበትን ጽሑፍ፣ ከፍተው በነጻ ሰጡ፤ በየከተማው ያሉ ወጣቶችም በኢንተርኔት ማኅበር አቁመው ይራዱት ነበር። ዳሩ ግን ተርጓሚው ሥር የሰደደ ደዌ ነበረበት፤ አንዲት ትእዛዝ ተከታትላ ሁለት ጊዜ የተጻፈች እንደሆነ፣ ሁለተኛይቱን ትርፍ ናት ብሎ ይውጣታል። ማኅበርተኞቹስ ምን አደረጉ? በሁለቱ መካከል ምንም የማትሠራ ባዶ ትእዛዝ ያስገቡ ጀመር፣ «ጣልቃ» ብለውም ስም አወጡላት፣ አዲስ ገቢም ሁሉ ለምን ሳይል እርሷን ተማረ። ለጋሽ ዘርዐ ብሩክ ግን ማን ይንገራቸው? በነጻ ለሰጡ ትልቅ ሰው «ተሳስተዋል» ይባላልን! ይሉኝታ ሁሉንም አፍ አፋቸውን ያዛቸው።

በዚህ መካከል ብፅአት የምትባል የደብረ ብርሃን ልጅ ወደ ማኅበሩ ገባች። ለእናቷ ለወይዘሮ ታንጉት የጫጩት መፈልፈያ ሠርታላቸው ነበር፤ ማሞቂያውም በመጀመሪያው ትእዛዝ ይነቃል፣ ያችው ትእዛዝ ወዲያው ስትደገም ይግላል፤ በመካከል ሌላ ነገር ከገባ ግን ተመልሶ ያንቀላፋል። ሁለተኛይቱ ስለምትዋጥ ማሞቂያው ሳይግል ቀረ፣ የፊተኞቹም እንቁላሎች በዚያ ብርድ በከንቱ ጠፉ። አሁን ደግሞ ጎረቤቶች በአደራ የሰጡት እንቁላል በጭድ ተሸፍኖ ተራውን ይጠብቃል፣ እንቁላልም ብዙ አይታገሥም። ወይዘሮ ታንጉት «ልጄ፣ ይኸኛውም ከከሸፈ አደራ በላ ተብዬ በየትኛው ዓይኔ ጎረቤት አያለሁ?» እያሉ ይጨነቁ ነበር።

ብፅአት ለማኅበሩ ብትጽፍ «ጣልቃን አስገቢ» አሏት፤ ብታስገባም ማሞቂያው አንቀላፋ። ያን ጊዜ ማንም ያልጠየቀውን ጠየቀች፤ «ቆይ፣ ግን ለምንድን ነው የሚውጣት?» ከአንጋፋዎቹ አንዱ ማሙሸት «እኅቴ፣ ሥርዓቱ እንዲህ ነው፤ የጋሼን ሥራ የሚነካ የለም» ብሎ መለሰላት። ይህ መልስ ሌላውን ቢያስፈራ እርሷን አስጎመጃት፤ ጋሼ በገዛ እጃቸው የጻፉትን፣ ሁሉ የሚሳለመውን ግን ማንም የማይገልጠውን ክፍል ከፍታ፣ መስመር ከመስመር እያመሳከረች፣ እየተደነቀችም አነበበች። ወይ ጉድ! ነገሩ ለካ ቀላል ነበር። ጋሼ ተርጓሚው አንዱን ስሌት ደጋግሞ እንዳይደክም ብለው ድግግሞሽን የሚሰርዝ ሕግ ደንግገዋል፤ ሕጉ ግን ስሌትን ለመሣሪያ ከሚሰጥ ትእዛዝ አይለይም። አንድ ጊዜ የደመረ ሰው እንደገና መደመር አያሻውም፤ በር ያንኳኳ ግን ካልተከፈተለት ደግሞ ያንኳኳል። ብፅአትም ሁለቱን የሚለይ አጭር አንቀጽ ጨምራ፣ ከነምክንያቱ ለባለቤቱ ለራሳቸው ላከችው።

ማኅበሩ ተናወጠ፤ «ኧረ ይቺ ልጅ ምን ነካት! ሽማግሌ ልትገድል ነው እንዴ?» ተባለ። ጋሽ ዘርዐ ብሩክ ግን እርማቱን መርምረው ዕለቱን ተቀበሉት፤ ማሞቂያውም ጋለ፣ እንቁላሉም ገባ፣ ቀኑ ሲደርስ ጫጩቶቹ ቅርፊታቸውን እየሰበሩ ወጡ፤ ወይዘሮ ታንጉትም ለየጎረቤቱ አደራውን እያደረሱ እልል አሉ።

ብፅአትም ለሽማግሌው ደውላ ምስራቹን ነገረቻቸው።

«ጋሼ፣ በእርማቱ አስቀይሜዎት ይሆን?» አለች።

«ምን በወጣሽ፣ ልጄ!» አሉ። «ያቺን ባዶ ትእዛዝ በየጽሑፋችሁ ሳያት የዘመኑ ልጆች ወግ መስላኝ፣ ቅር እንዳይላችሁ ብዬ እኔም ዝም አልሁ። ይህን ያህል ዘመን አንድ ስሕተት የሚነግረኝ ባጣ ጊዜ፣ የሚሠራበት እንጂ የሚያነበው የለም ብዬ ተስፋ ቆርጬ ነበር።»

ልብ በል አንባቢ፤ ሰውን በዝምታ ማክበር ብቻውን መተው ነው።