ሦስት ጊዜ የተባረከ ራት

ነርሷ የሽማግሌውን እግር በሁለት እጇ ይዛ ትንሿን ጣት ለረጅም ጊዜ አየቻት። ቁስሉ ካለፈው ይልቅ ሰፍቷል። ከዚያ የስኳር መለኪያውን አብራቸው ወደመጣችው ምራታቸው አዞረችና ቁጥሩን አሳየቻት። ቁጥሩም እንደ ቁስሉ ብሶበታል።

«ምግባቸውን የሚያዘጋጁት እርስዎ ነዎት?»

«እኔ ነኝ።»

ምራቲቱ የደንብ ልብስ የሚሰፋበት ፋብሪካ ውስጥ ልብስ ሰፊ ናት። ሥራዋን ሲጠይቋት እንደምትመልሰው ሁሉ የአማቷን ምግብም ከነልኩ ተናገረች፤ ጠዋት ምን፣ ምሳ ላይ ምን፣ ራት ላይ ደግሞ ምስር ወይም ዓሣ፣ የሳህኑ ግማሽ አትክልት፣ ዳቦ ካስፈለገ አንድ ቁራጭ፣ ያውም ጥቁሩ። ነርሷ ራሷን እየነቀነቀች ሰማቻትና ግራ ገባት።

«ይሄማ ትክክል ነው። ታዲያ ይሄ ቁጥር ከየት መጣ? አባባ፣ ሌላ የሚበሉት ነገር አለ?»

ሽማግሌው ጣሪያውን ያያሉ። «ራቴን ነው የምበላው፣ ልጄ።»

ነርሷ ጓንቷን አውልቃ ተቀመጠች። «እንግዲህ እውነቱን ልንገራችሁ። በሚቀጥለው ወር ስትመለሱ ቁጥሩ ካልወረደ ጣቷን ማትረፍ ይከብዳል። ለቀዶ ሐኪሙ ነው የምልካችሁ።»

ወደ ቤት ሲመለሱ ሽማግሌው በአውቶቡሱ መስኮት በኩል ውጭ ውጭውን እያዩ ቆዩና፣ «ከአሥር አንዷ ብትጎድል ማን ይቆጥራል?» አሉ።

«እኔ እቆጥራለሁ» አለቻቸው።

ከዚያ በኋላ እስከ ፌርማታቸው ድረስ ቀልድ አላማራቸውም።

የነሱ ቤት ራት እንደ አውቶቡስ ነበር፤ ሁሉም በየፌርማታው ይሳፈራል። ልብስ ሰፊዋ ከቀትር በኋላ ወጥታ ሌላው ሰው ሁሉ በልቶ ሲጨርስ ነው የምትመለሰው። ስለዚህ በዕረፍት ቀኗ የሳምንቱን ምግብ ታበስልና በየሳጥኑ ከታ ማቀዝቀዣ ውስጥ ትደረድራለች። አረንጓዴ ክዳን የሴት ልጇ ነው። ልጅቷ መድኃኒት መደብር ውስጥ ትሠራለች፤ አያቷ «ሐኪሟ» ይሏታል። ቀይ ክዳን የወንድ ልጇ ነው፤ ስልክ ይጠግናል፤ ሲያወራ ቃላቱ እየተጋፉ ስለሚወጡ «ሞተር» ብለውታል። ሰማያዊው የባሏ ነው፤ እሱ የከተማ አውቶቡስ ሹፌር ነው። ቢጫ ክዳን የአማቷ። ሁሉም ከሥራ ሲገባ የራሱን ሳጥን አውጥቶ፣ አሙቆ፣ በልቶ፣ አጥቦ ያስቀምጣል። ልብስ ሰፊዋ ስትገባ ቢጫውን ሳጥን ሁልጊዜ ታጥቦ ተደፍቶ ታገኘዋለች። አማቷ ተኝተዋል። ቤቱ ጸጥ ብሏል። ያን ሳጥን ስታይ ልቧ ያርፍ ነበር።

አሁን ግን ልቧ አላርፍ አለ። መጀመሪያ የጠረጠረችው የጥጉን ባለሱቅ ነው።

«ለአባባ ከረሜላ ትሸጥላቸዋለህ እንዴ?»

«እኔ? እሳቸው እኮ ከኔ የሚገዙት ክብሪት ብቻ ነው፣ እትዬ። እሱንም ወሬ ሲያምራቸው ነው። ቤታችሁ ምን እንደምትለኩሱበት እንጃ።»

ትራሳቸውን አነሳች። የጸሎት መጽሐፍና የጠፋ ካልሲ አገኘች። ከዚያ ልጆቿንና ባሏን፣ እያንዳንዱን ባገኘችበት ጠየቀች፦ አባባ ራት ላይ ምን ያህል ይበላሉ? ሦስቱም እንደ ተማከረ ሰው አንድ ዓይነት መልስ ሰጧት። «ኧረ እሱ እንደ ወፍ ነው የሚበላው።»

አንድ ቀን ፋብሪካው መብራት ጠፋበትና ሠራተኛው ገና በጊዜ ወደ ቤት ተሸኘ። ልብስ ሰፊዋ ራሷን እያመማት ገባች። አማቷ በጓሮ በኩል ጎመናቸውን ውኃ ሲያጠጡ በመስኮት አየቻቸው፤ አልጠራቻቸውም። ከሳሎኑ በመጋረጃ ብቻ ወደተለየው መኝታ ቤት ገብታ ጋደም አለች። ትንሽ እንቅልፍ ሳይወስዳት አልቀረም። የነቃችው በልጇ ድምፅ ነው።

«አባባ፣ በልተሃል?»

«አንቺ ሳትመጪ?»

«መድኃኒቱንስ? በባዶ ሆድህ እንዳትውጠው አላልኩህም?»

«አንቺን ስጠብቅ ነዋ፣ ሐኪሟ። ነይ፣ ይሞቅልሽ።»

ማንኪያ ሲንኳኳ ሰማች። ልጅቷ፣ «ከኔ ጨምር፣ ያንተ ትንሽ ነች፤ መድኃኒት ከወሰድክ መብላት አለብህ» እያለች ዳቦዋን ስትቆርስ ይሰማል። ልብስ ሰፊዋ ፈገግ ብላ ልትነሳ ስትል ሽማግሌው ማዕዱን መባረክ ጀመሩ።

«ጌታ ሆይ፣ ይህን ማዕድ ባርክልን። ይህቺ ልጅ የምትፈራውን ፈተና አቅልልላት። መደብር ውስጥ የሚጮህባትን ሰውዬም ልቡን አራራላት፤ ካልራራም ቦታ ቀይርለት።»

«አሜን፤ ቦታ ቢቀየርለት ይሻላል» አለች ልጅቷ እየሳቀች።

እናትየው መልሳ ጋደም አለች። ልጇ ላይ የሚጮህ ሰው እንዳለ አታውቅም ነበር።

ልጅቷ በልታ ሳህኗን አጠበችና ወደ ማታ ትምህርቷ ወጣች። ብዙም ሳይቆይ የግቢው በር ተከፈተ።

«ሞተር፣ መጣህ?»

«አባባ አሁንም ሳትበላ ነው? አትጠብቀኝ አላልኩም? ስንቴ ልበልህ፣ ደንበኛ ይበዛል፣ ስልክ ይበላሻል፣ እኔ መቼ እንደምገባ...»

«ተንፍስ፣ ልጄ። ብቻዬን አይወርድልኝማ። ምን አለህ?»

«ሩዝና ዓሣ። እንካ፣ ግማሹን ውሰድ፤ እኔ ቀን ላይ በልቻለሁ።»

እንደገና ማንኪያ ተንኳኳ። እንደገና ማዕዱ ተባረከ። በዚህኛው ጸሎት ሽማግሌው ልጁ የራሱን ሱቅ ለመክፈት እንዳሰበ፣ ለአባቱ ለመናገር ግን አፉ እንዳልታዘዘለት ለፈጣሪ አስታወሱ። ልጁ እንደ ልማዱ ሳይሆን ዝም ብሎ ሰምቶ፣ ቀስ ብሎ «አሜን» አለ። በኋላም ጆሮውን በማዳመጫ ደፍኖ ወደ ክፍሉ ሄደ።

ልብስ ሰፊዋ ያን ጊዜ ነገሩ ሁሉ ገባት። ቢሆንም አልተነሳችም። የመጋረጃውን ስፌት በጣቷ እየተከተለች ባሏን ጠበቀች።

ሹፌሩ ቤት ውስጥ ብዙ የማይናገር ሰው ነው። ገብቶ ተቀመጠ። «አባዬ፣ በላህ?»

«አብረን እንበላለን ብዬ።»

ምግቡ ሞቀ፤ ሳህን ተቀመጠ።

«ዛሬ አንድ ሕፃን ኳሱን ተከትሎ ፊቴ ገባ» አለ ሹፌሩ። «ፍሬኑ ያዘልኝ። ኳሷ ነች የፈነዳችው። እጄ ግን እስካሁን መንቀጥቀጡን አልተወም፤ እየው።»

«አምጣው» አሉ አባቱ። ልጃቸውን እጁን ይዘው ነው ማዕዱን የባረኩት፤ ከድምፃቸው ቅርበት ለልብስ ሰፊዋ ታወቃት። ሕፃኑን ያተረፈውን ጌታ አመሰገኑ። ይህን እጅ አሳርፍልኝ አሉ። ከዚያ አባትና ልጅ አንዱን ሳህን ተካፍለው በሉ።

ባሏ መጋረጃውን ገልጦ ሲገባ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣ አገኛት።

«መቼ መጣሽ?»

«ራሴን አሞኝ ተኝቼ ነበር» አለችና እጁን ወሰደች። ምንም ሳትጠይቀው እስኪረጋጋ ድረስ ይዛው ቆየች።

በነጋታው ማሽኗ ላይ ሆና ሐሳቧ አንድ ቦታ አልቆም አላት። ብትናገር ሦስቱም ደንግጠው፣ ከነገ ጀምሮ አባባ በጊዜ ብቻቸውን በልተው ይተኛሉ ይላሉ። ያን ጊዜ ልጅቷ የሚጮህባትን ሰውዬ ለማን ትናገራለች? ባሏስ እጁን ለማን ያሳያል? ዝም ብትል ደግሞ የአባባ ጣት ትሄዳለች፤ ነገሩ በጣት ላይቆምም ይችላል። በልቧ ስትጸልይ ዋለች። እጇ የልብሱን ኪስ በቦታው በቦታው ይገጥማል፤ ልቧ ግን መድረሻ አጣ። በሻይ ሰዓት ለነርሷ ደወለችላትና አንድ ነገር ጠየቀቻት። ነርሷ ሐሳቡን ወደደችው፤ መድኃኒቱ ከመጀመሪያው ጉርሻ ጋር ይሁን ብቻ አለቻት።

የዕረፍት ቀኗ ሲደርስ ወጥ ቤቱ በእንፋሎት ተሞላ። ሽማግሌው እግራቸውን በርጩማ ላይ ሰቅለው ካሮት ይልጣሉ። አዲስ የገዛቻቸውን፣ የሕፃን መዳፍ የሚያህሉ ቢጫ ክዳን ያላቸው ትንንሽ ሳጥኖች ጠረጴዛው ላይ አሰለፈች። የአማቷን የአንድ ቀን ራት እንደ ወትሮው ለካች፤ ከዚያ ለሦስት ከፈለችው።

ሽማግሌው ቢላዋውን አቆሙ። «ይሄ ለማን ነው?»

«ለእርስዎ።»

«ሦስት ሆንኩ?»

«ሦስት ከሆኑማ ቆይተዋል፣ አባባ።»

የተላጠውን ካሮት አገላብጠው አዩት። «ማን ነገረሽ?»

«መጋረጃው።»

ካሮቱን አስቀመጡት። «ሰው ደክሞ ገብቶ ከግድግዳ ጋር ሲበላ ማየት አልችልም» አሉ። «እኔ ዕድሜዬን በሙሉ ከባድ መኪና ላይ ነው የኖርኩት። ራቴን የበላሁት መሪ እያየሁ ነው። ልጄ እንዴት እንዳደገ ሰው ነው የነገረኝ። ነርሷን ግን አልዋሸኋትም። ራቴን ነው የምበላው ነው ያልኳት።»

«ስንተኛውን ራት ብላ አልጠየቀችዎትማ።»

መጀመሪያ ትከሻቸው ተንቀጠቀጠ፤ ቀጥሎ ሳቃቸው ወጣ። እሷም ሳቀች። ሳቁ ሲበርድ ሽማግሌው ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

«ትነግሪያቸዋለሽ? እያንዳንዳቸው እኮ እሱን ብቻ የምጠብቅ ይመስላቸዋል።»

«ምን ብዬ? የእርስዎ ራት በትንሽ በትንሹ ይበላል፣ በቃ። ከሰው ሳህን ግን አንዲት ፍሬ ሩዝ አይነኩም።»

«ቢሰጡኝስ?»

«ነርሷ ከልክላኛለች ይበሉ።»

«እሷ ክፉ ሆና ትቅር?»

«ትቅር። ደመወዝ ይከፈላት የለ?»

እንደተናገሩት ቀላል አልሆነም። ልጅቷ ዳቦዋን እንቢ ሲሏት አኮረፈች። ሞተር በበኩሉ ነርሷን አንድ ቀን ሄዶ ሊያነጋግራት ዛተ። ሹፌሩ ደግሞ የራሱንም ሳህን አሳነሰ። ሽማግሌው አንዳንድ ማታ እየራባቸው እንደተኙ ለምራታቸው ጠዋት ላይ ይነግሯታል፤ እሷም ጎመኑን ታበዛላቸዋለች። ማዕዱ ግን አልተቋረጠም። ከትንሿ ሳጥን አንድ ማንኪያ አንስቶ ሰው ብዙ ሊያዳምጥ ይችላል።

ወሩ አልቆ ክሊኒክ ሲመለሱ ልብስ ሰፊዋ የመለኪያውን ቁጥር ለማየት ዓይኗን መክፈት አቃታት። ቀድማ የሰማችው የነርሷን ሳቅ ነው። ቁጥሩ ወርዷል። ቁስሉም ዳር ዳሩን ደርቋል፤ ውስጡም ጤናማ ቀይ ሥጋ አውጥቷል። ቀዶ ሐኪም አያስፈልግም፤ እንዲሁ ይቀጥሉ አለቻቸው። «ምን አደረጉ፣ አባባ?»

«ራት በማታ ሦስቴ እበላለሁ» አሉ ሽማግሌው ኮራ ብለው።

ነርሷ ወደ ምራቲቱ አየች። ምራቲቱ ዓይኗን እየጠረገች ነበር።

በማግስቱ ቀትር ላይ የፋብሪካው ሰርቪስ ከመድረሱ በፊት ምድጃው ጋ ቆማ ሾርባ ስታማስል ሽማግሌው እያነከሱ መጡ። በእጃቸው ከየት እንዳመጧት ያልታወቀች አራተኛ ትንሽ ሳጥን አለች። ማቀዝቀዣውን ከፍተው ከዕለቱ ሦስት ቢጫ ሳጥኖች አንዳንድ ማንኪያ እየቀነሱ ወደ አራተኛዋ ገለበጡ።

«አባባ፣ ምን እያደረጉ ነው?»

«ልኩን አልጨመርኩም፤ አትቆጪ። ያው አንዱ ራት ነው። የኔና የአንቺ ራት በቀን ነው የሚሆነው። ሳህንሽን አምጪና ተቀመጪ።»

«ሰርቪሱ ሊመጣ ነው። ሾርባውም...»

«ሾርባው የትም አይሄድም።»

እሳቱን ቀነሰች። ሳህኗን ይዛ ከወንበሩ ጫፍ ላይ ተቀመጠች። ሽማግሌው መዳፋቸውን ከፍተው ማዕዱን መባረክ ጀመሩ። ስሟን ጠርተው ጸሎቱን አቆሙ። ቀና ብለው አዩዋት።

«እነዚያ እየበሉ ያወሩኛል፤ የሚለመነውን አውቃለሁ» አሉ። «አንቺን የማውቅሽ በጀርባሽ ነው፣ ልጄ። ዘወትር ምድጃው ላይ ነሽ። ለአንቺ ምን ልለምን?»

«ምንም፣ ተመስገን፣ ደህና ነኝ» ልትል አስባ ተወችው። ከውጭ የሰርቪሱ ጡሩንባ ተሰማ፤ አንድ ጊዜ፣ ቀጥሎም ረዘም ብሎ። ጎረቤቷ የሆነችው ባልደረባዋ ስሟን ስትጠራ ይሰማል። ልብስ ሰፊዋ ወደ መስኮቱ ሄደችና፣ «ሂዱ፣ በታክሲ እደርሳለሁ» ብላ ተመለሰች። ወንበሩን ወደ ጠረጴዛው አስጠግታ አሁን በደንብ ተቀመጠች።

«አባባ፣» አለች፣ «ትንሽ ረዘም ይላል።»

ሽማግሌው የከፈቷቸውን መዳፎች አላወረዱም። «ይርዘም» አሉ። «እየሰማሁሽ ነው።»