ብርድ እንዳይመታው የለበሰው ማሞቂያ

አሎይዚ ግራ ገብቶታል። ዕድሜውን ሙሉ በሲሌዥያ ምድር ሥር ከሰል ሲቆፍር የኖረ ሰው፣ በጡረታው «ይሄ ደጅ በረዶ ላይ የተቀመጠ ነጭ ሣጥን ቤትህን ያሞቀዋል» ሲሉት ምን ይበል? እሳት የለው፣ ጭስ የለው፣ አመድ የለው። የገጠመለት ሰውዬ «ከውጭው አየር ሙቀት ይስባል» ብሎት ሄደ። ከየትኛው አየር? ደጁ እንደሆነ አፍንጫ ይቆርጣል!

እሺ ያለው ለሚስቱ ለትሩዳ ሲል ነው። የከሰሉ ጭስ ደረቷን ጨርሶታል፣ ቀን ከሌት ትስላለች፤ ሐኪሙም ከዚያ ምድጃ ጋር ሌላ ክረምት እንደማትዘልቅ ቁርጡን ነግሮታል። ሣጥኑን በዱቤ አስገጠመ። መንግሥት ተቆጣጣሪ ልኮ፣ አሮጌው ምድጃ መነቀሉንና አዲሱ ማሞቂያ መሥራቱን ካረጋገጠ አብዛኛውን ወጪ ይመልስለታል። ካልሠራ ግን ሣጥኑ ወደ ሻጩ፣ እነሱም ወደ ከሰላቸው ይመለሳሉ።

ምድጃው ተነቅሎ ተቆጣጣሪዋ ልትመጣ አንድ ቀን ሲቀራት ብርዱ ጠና። አሎይዚ ጓሮ ወጥቶ እንደ አገሩ ወግ ብርድ እንዳይገድላቸው ጽጌረዳዎቹን በገለባ ጠቀለለ። ቀና ሲል ሣጥኑ እርቃኑን ቆሟል። አንጀቱን በላው። የላባ ብርድ ልብስ አምጥቶ ጥርቅም አድርጎ ሸፈነው፤ በገመድም አሰረው።

ሲነጋ ቤቱ ቀዝቅዞ ጠበቃቸው።

«አንተ ሰውዬ፣ በረዶ ቤት አስገባኸን እኮ!» አለች ትሩዳ ካፖርቷን ደርባ፣ እየሳለች።

«እኔ እንጃ! ትናንት ደህና ነበር።»

«ምድጃዬን መልስልኝ።»

«ኧረ ዝም በይ፣ ሴትዮዋ በር ላይ ናት!»

ተቆጣጣሪዋ ዳግማራ በዕድሜ የልጅ ልጃቸው የምትሆን ወጣት ናት። ከደጁ ሣጥን ሙቀት የሚደርሰውን የግድግዳ ማሞቂያ ዳሰሰችና ፊቷ ተለወጠ።  ልጅቷ ወደ ጓሮ ወጣች፤ ባልና ሚስቱም ተከተሏት።

«አባባ፣ ይሄ ምንድን ነው?»

«ብርድ እንዳይመታው ነዋ!»

«አፍነውት እኮ ነው! በዚህ በኩል አየር ካልሳበ አይሠራም።»

«ቀዝቃዛ አየር ስቦ ምን ሊያደርግ?»

«ሙቀት ሊያወጣበት።»

«ከብርድ ውስጥ?»

«ከብርድ ውስጥ።»

አሎይዚ ትሩዳን አየ፤ ትሩዳም እሱን አየች። ለአንዳቸውም አልገባቸውም። ዳግማራ ሳቋ እያመለጣት ገመዱን ፈታች። ቤቱ እስኪሞቅ ድረስ ትሩዳ የጋገረችውን ኬክ እየበላች ጠበቀች። ከዚያ ወረቀቱ ላይ ፈረመችና ገንዘቡ እንደሚመለስላቸው ነግራቸው ሄደች።

ከሰዓት በኋላ ትሩዳ ሶፋው ላይ ጋደም አለች። አሎይዚ ጋዜጣ እያነበበ ሳለ ድንገት ቀና አለ። ቤቱ ውስጥ የሆነ ነገር ጎድሏል። የእሳቱ መንጣጣት የለም፤ እሱስ ይሁን፣ ምድጃው ተነቅሏል። ይሄ ሌላ ነው።  ተነሥቶ ወደ ሶፋው ሮጠና ጆሮውን ትሩዳ አፍ ላይ ደቀነ።

ትሩዳ ዓይኗን ገለጠች። «ምን ሆነሃል አንተ?»

«አልሳልሽም እኮ» አለ። «የሞትሽ መስሎኝ።»